ለኪችን ካቢኔት የሚሆን ሌዘር ውሃ ልክ አመራረጥ

ካቢኔት ሲገጠም አስቸጋሪው ካቢኔቱ አይደለም። ሳጥኑ ከወርክሾፕ ሲወጣ ቀጥ ያለ ነው። ያልተስተካከለው ቤቱ ነው። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ይወርዳል። የግድግዳው ልስን መሃል ላይ ሆዱ ገፋ ይላል። ጥጉ ደግሞ ዘጠና ዲግሪ አይሆንም። አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ኪችን የገጠመ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ድሮ ይህን የምንፈታው በውሃ ልክ፣ በቱንቢና ውሃ በሞላ ግልጽ ቱቦ ነበር። ቱቦ በትክክል ከተያዘ ዛሬም ልኩን ይሰጣል። ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አረፋ ከገባበት ያሳስታል፤ ነጥቦቹን ከነጥብ ወደ ነጥብ ማስመርም የራሱን ጊዜ ይበላል። ልክ የሆነ የብርሃን መስመር ግድግዳው ላይ የሚያሰምረው ሌዘር ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው አቀለለት። ችግሩ ምርጫው ላይ ነው። ሱቅ ስትገቡ ባለ 2 መስመር፣ ባለ 12 መስመር፣ ባለ 16 መስመር እየተባለ ይደረደርላችኋል። ሻጩ የመስመሩን ብዛት ይቆጥርላችኋል። ለካቢኔት ሥራ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት መስመሩ ትክክል ነው ወይ የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ካርቶን በማንበብ አይታወቅም።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የመጀመሪያ ሌዘሬን ስገዛ ሻጩ አበራልኝና «ወንድሜ፣ ይኸው ይሠራል» አለኝ። እውነትም ይበራል። ከፍዬ ወጣሁ። በዚያ ሌዘር 4 ሜትር የሚሆን የታች ካቢኔት ደረደርኩ። ግራናይቱ መጥቶ ሲቀመጥ አንደኛው ጫፍ ላይ እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት ታየ። ግራናይት አይታጠፍም። እንደገና አንስተን፣ እግሮቹን አንድ በአንድ አስተካክለን፣ አንድ ሙሉ ቀን አለፈ። ማታ ቤቴ ሌዘሩን ስፈትነው በ4 ሜትር 6 ሚሊ ሜትር ይስት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትን የገዛሁት የለም።

መጀመሪያ ኪችኑን ለኩ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ብዙ ጊዜ የምትሠሩበትን ቦታ ስፋት እወቁ። ምክንያቱም ተራ ባለ መስቀል ሌዘር፣ ማለትም አንድ አግድም እና አንድ ቁም መስመር ብቻ የሚያወጣው፣ ብርሃኑን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ነው የሚረጨው። ብዙዎቹ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ይሸፍናሉ።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? 120 ዲግሪ የሚረጭ ሌዘር ከግድግዳው 1 ሜትር ርቆ ከቆመ፣ ግድግዳው ላይ የሚያሰምረው ወደ 3 ሜትር ተኩል ያህል ነው። 1.80 ሜትር ከራቀ ግን ከ6 ሜትር በላይ ይሸፍናል። የኮንዶሚኒየም ኪችን ጠባብ ስለሆነ ወደኋላ የመራቅ ዕድል አይሰጥም። ካቢኔቱ አንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ከሆነና ርዝመቱ 3 ሜትር ካልሞላ፣ ባለ መስቀሉ ይበቃችኋል። ርካሽ ነው፤ ቀላል ነው፤ የሚበላሽ ነገሩም ጥቂት ነው።

ካቢኔቱ በኤል ወይም በዩ ቅርፅ የሚዞር ከሆነ ግን ክፍሉን ሙሉ የሚዞር ሌዘር ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ «ባለ 12 መስመር» ወይም «ስሪ ዲ» የሚሉት ይህንን ነው። በእውነቱ 12 የተለያዩ መስመሮች የሉትም። አንድ አግድም እና ሁለት ቁም ዙሪያዎች አሉት፤ እያንዳንዱን ዙሪያ በ4 ከፍለው ሲቆጥሩት ነው 12 የሚሞላው። አግድሙ ሦስቱንም ግድግዳ በአንድ ከፍታ ይይዝላችኋል። ሁለቱ ቁም ዙሪያዎች ዘጠና ዲግሪ ስለሚሻገሩ ጥጉን ለመፈተሽ ይረዳሉ። ለካቢኔት ገጣሚ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ባለ 16ቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨምረው ወለል አጠገብ የሚሄድ ሁለተኛ አግድም መስመር ነው። ሴራሚክ ለሚያነጥፍ ሰው ጥሩ ነው። ካቢኔት ብቻ የምትገጥሙ ከሆነ ግን ያንን ገንዘብ ጥሩ ማቆሚያ ላይ አውሉት።

የሚሽከረከረው ትልቁ ሌዘር ለሜዳና ለመሠረት ሥራ ነው። እዚህ አያስፈልግም።

ቀይ ወይስ አረንጓዴ?

አረንጓዴ ውሰዱ። የሰው ዓይን አረንጓዴን ከቀይ ይበልጥ አጉልቶ ያያል፤ ስለዚህ በእኩል ኃይል አረንጓዴው በጣም ደምቆ ይታያል። የእኛ አገር ቀትር ፀሐይ በኪችን መስኮት ሲገባ ቀዩ መስመር ግድግዳው ላይ ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ፍለጋ አትሂዱ። አረንጓዴው ባትሪ ይበላል፤ ዋጋውም ይጨምራል። ሥራችሁ ሁሌ መብራት በርቶለት የሚሠራ የውስጥ ክፍል ከሆነ ግን ቀዩም አያሳፍርም።

ካርቶኑ ላይ የሚነበቡ ቁጥሮች

ሦስት ነገር ብቻ ፈልጉ።

የመጀመሪያው የስህተት መጠን ነው። ብዙዎቹ «በ10 ሜትር ± 3 ሚሊ ሜትር» ይላሉ፤ በሜትር 0.3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ኪችን ውስጥ ከሌዘሩ እስከ ሩቁ ምልክት 4 ሜትር ቢሆን ስህተቱ ከ1.2 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ለካቢኔት ይህ በቂ ነው። በ10 ሜትር ± 2 የሚል ካገኛችሁና ዋጋው ብዙ ካልራቀ እሱን ያዙ።

ሁለተኛው ራሱን የማስተካከያ ልኩ ነው። ውስጡ የተንጠለጠለ ክብደት አለ፤ ፔንዱለም ይሉታል። ሥራው የቱንቢ ሥራ ነው። ሌዘሩ ትንሽ ቢያዘነብል እንኳ ክብደቱ ተወዛውዞ መስመሩን ወደ ልኩ ይመልሰዋል። አብዛኞቹ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ያህል ዝንባሌ ይችላሉ። ከዚያ ካለፈ መስመሩ ብልጭ ድርግም እያለ ወይም እየጮኸ ማስጠንቀቅ አለበት። ይህን ማስጠንቀቂያ የማይሰጥ ሌዘር አትግዙ።

ሦስተኛው ክላስ 2 የሚለው ጽሑፍ ነው። የክላስ 2 ብርሃን ኃይሉ ከ1 ሚሊ ዋት አይበልጥም። ድንገት ዓይን ላይ ቢያርፍ ዓይን በራሱ ጨፍኖ ይከላከላል። ያ ማለት ግን ትኩር ብለው ይዩት ማለት አይደለም። ምንም ጽሑፍ የሌለበትን ወይም ክላስ 3 የሚለውን ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ አልጠቀምበትም። ከአንዳንዱ ጋር የሚመጣው ባለ ቀለም መነጽርም መስመሩን ለማጉላት ነው እንጂ ዓይን ለመከላከል አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል።

«እስከ 30 ሜትር»፣ «እስከ 60 ሜትር» የሚለውን እለፉት። ኪችናችሁ 60 ሜትር የለውም። ከዚያ ይልቅ መስመሩ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። 5 ሜትር ላይ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን መስመር ጥሩ ነው። ዳሩ የተበተነ፣ 4 ሚሊ ሜትር የሚሞላ መስመር ከሆነ የቱ ጋ ምልክት ታደርጋላችሁ? አንዱ ካቢኔት በላይኛው ጠርዝ፣ ሌላው በታችኛው ጠርዝ ይገጠማል።

ማቆሚያው

ሰው ሌዘር ይገዛና ማቆሚያውን ይረሳዋል። ለካቢኔት ግን ማቆሚያው የሥራው ግማሽ ነው። ሌዘሩ ወለል ላይ ከተቀመጠ አግድም መስመሩ ከወለሉ በጣት የሚቆጠር ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ 1 ሜትር ላይ፣ ከዚያም 1.50 ሜትር ላይ ነው።

ትሪፖድ ይሠራል። ነገር ግን በጠባብ ኪችን ውስጥ እግሩ እግራችሁን ይጠልፋል። አንድ ጊዜ ከተነካ ከፍታው ተቀይሯል፤ ሁሉም ምልክት እንደ አዲስ ነው። እኔ የምመርጠው ከወለል እስከ ጣሪያ ተወጥሮ የሚቆመውን ዘንግ ነው። ሰው አያደናቅፍም። እሱ ካልተገኘ ግድግዳ ላይ የሚያያዝ ማግኔት ያለው ማቆሚያ ይበቃል።

የቱንም ብትመርጡ፣ በጣት ዞሮ ሌዘሩን በሚሊ ሜትር ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ ይኑረው። ያለዚያ መስመሩን አንድ ምልክት ላይ ለማሳረፍ ግማሽ ሰዓት ትታገላላችሁ። የሌዘሩ ታች ያለው ጥርስም ከማቆሚያው ብሎን ጋር መግጠሙን እዚያው ሱቁ ውስጥ አረጋግጡ። ሁለት ዓይነት መጠን አለ፤ የካሜራ ትሪፖድ ብሎን ቀጭኑ ነው፣ የቀያሾች ትሪፖድ ደግሞ ወፍራሙ።

ከመክፈላችሁ በፊት ፈትኑት

እዚህ ላይ አትፈሩ፤ አትቸኩሉ። መርካቶም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ሕንፃው ውስጥ ኮሪደር አይጠፋም። እርሳስ፣ ሜትርና ማስክ ቴፕ ይዛችሁ ሂዱ። ምልክቱን ቴፑ ላይ ካደረጋችሁ የሰው ግድግዳ አይቆሽሽም። «ልሞክረው» ስትሉ ፊቱን የሚያጠቁር ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

ፊት ለፊት የሚተያዩና 5 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ግድግዳዎች ፈልጉ። አንዱን «ሀ»፣ ሌላውን «ለ» እንበላቸው።

1. ሌዘሩን ማቆሚያ ላይ አድርጋችሁ «ሀ» ግድግዳ አጠገብ አቁሙት። ፊቱን ወደ «ሀ» አዙራችሁ መስመሮቹ የሚሻገሩበትን ቦታ ምልክት አድርጉ።

2. ከፍታውን ሳትነኩ ያንኑ ፊቱን ወደ «ለ» አዙሩት። እዚያም ምልክት አድርጉ።

3. ሌዘሩን ወስዳችሁ «ለ» አጠገብ አቁሙት። ያንኑ ፊቱን ወደ «ለ» አድርጋችሁ፣ መስመሩ ቅድም «ለ» ላይ ያደረጋችሁት ምልክት ላይ ልክ እስኪያርፍ ድረስ ከፍታውን አስተካክሉ።

4. አሁን ወደ «ሀ» አዙሩት። መስመሩ ከመጀመሪያው ምልክት ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ አለ? ለኩት።

ሌዘሩ ትክክል ከሆነ ሁለቱ ምልክቶች ይገጥማሉ። ከሳተ ግን ስህተቱ በመሄጃም በመመለሻም ስለሚደመር የምታዩት የ10 ሜትር ስህተት ነው። ካርቶኑ በሜትር 0.3 ካለ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ልዩነት በተባለው ውስጥ ነው። 5 ወይም 6 ካያችሁ መልሱት። ከአንድ ካርቶን ወደ ሌላ ካርቶን ልዩነት ስላለ ያው ሞዴል ሌላ አስከፍታችሁ ሞክሩ። ኮሪደሩ 4 ሜትር ብቻ ከሆነ የሚፈቀደው ልዩነት ወደ 2.4 ይወርዳል።

ክፍሉን የሚዞር ሌዘር ከሆነ ይህን በሌሎቹም ፊቶቹ ድገሙት። ዙሪያውን በበርካታ አምፖል የሚሠሩት ሌዘሮች የሚሳሳቱት ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው ላይ ነው። የአንዱ ብርሃን መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ ሲደራረቡ መስመሩ እጥፍ ሆኖ ወይም ደረጃ ሠርቶ ከታየ ያንን ሌዘር ተዉት።

ቀጥሎ መስመሩ ራሱ መጣመሙን እዩ። ሌዘሩን ከግድግዳው 5 ሜትር አርቁት። መሃሉ የሚያርፍበትን ከፍታ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሌዘሩን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞራችሁ የመስመሩን ሁለት ጫፎች በዚያው ምልክት ላይ አሳልፉ። መሃሉም ጫፎቹም በአንድ ከፍታ ማለፍ አለባቸው። የኔ የመጀመሪያ ሌዘር የወደቀው እዚህ ላይ ነበር። መሃሉ ደህና ነው፤ ጫፉ ግን ይወርዳል።

ቁም መስመሩን በቱንቢ ፈትኑ። 2 ሜትር ያህል ክር አንጠልጥላችሁ እስኪረጋ ጠብቁ። መስመሩ ከላይ እስከ ታች ክሩ ላይ መተኛት አለበት።

በመጨረሻም ሌዘሩን በጣት ነካ አድርጉት። መስመሩ ተወዛውዞ ቀድሞ የነበረበት ቦታ ይመለሳል? ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚቆም ከሆነ ፔንዱለሙ እየተያዘ ይቆማል ማለት ነው። እንዲህ ያለው አይታመንም።

ባትሪው

የሚሞላ ባትሪ ያለው ይሻላል። ግን መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም ተራ ድንጋይም የሚቀበል ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ድንጋይ ከሰፈር ሱቅ አይጠፋም። ሁለት ባትሪ አብሮት ከመጣም ያው ነው። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላል።

በመጀመሪያው ቀን እንዴት ትሠሩበታላችሁ?

ሌዘሩ ፀሐይ ላይ ከዋለ መኪና ውስጥ ከወጣ ሩብ ሰዓት ያህል ክፍሉ ውስጥ ይረፍ። ከዚያ የፔንዱለሙን መቆለፊያ ክፈቱ። ተቆልፎም የሚበራ ሌዘር አለ፤ ያ መስመር ልክ አይደለም። ለደረጃ ወይም ለዝንባሌ ሥራ የተሠራ ነው።

ሌዘሩን ኪችኑ መሃል አካባቢ፣ ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ አቁሙ። መሃል ሲሆን ወደ ሩቁ ጥግ ያለው ርቀት ያጥራል፤ ስህተቱም አብሮ ያጥራል።

አሁን የወለሉን ከፍተኛ ቦታ ፈልጉ። ካቢኔቱ በሚቆምበት ሁሉ፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከሌዘሩ መስመር እስከ ወለሉ በሜትር ለኩና ግድግዳው ላይ ጻፉት። ለምሳሌ 100፣ 99.4፣ 98.7 አገኛችሁ እንበል። ትንሹ ቁጥር፣ 98.7፣ ወለሉ ከፍ ያለበት ቦታ ነው። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው። የታች ካቢኔታችሁ ያለ ግራናይቱ 86 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከ98.7 ላይ 86 ቀንሱ። 12.7 ይቀራል። ስለዚህ በሁሉም ቦታ ከሌዘሩ መስመር 12.7 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ምልክት አድርጉ። የካቢኔቱ ራስ እዚያ ነው። 100 ያነበባችሁበት ጥግ ላይ የካቢኔቱ እግር በ1.3 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ወይም ሽብልቅ ይገባበታል። ከዝቅተኛው ቦታ የጀመረ ሰው ግን ከፍተኛው ቦታ ሲደርስ የካቢኔቱን እግር ወይም ታች መቁረጥ ግድ ይሆንበታል።

የግድግዳውን ሆድ ለማግኘት ቁም መስመሩን ከግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ትይዩ አስኪዱት። ከግድግዳው እስከ ብርሃኑ ላይም ታችም ለኩ። ርቀቱ ያነሰበት ቦታ ግድግዳው የወጣበት ነው። መጀመሪያ እዚያ የሚያርፈውን ካቢኔት ግጠሙ፤ የሌሎቹን ጀርባ በሽብልቅ ወደ እሱ አምጡ። ጀርባውን በሽብልቅ ሳትደግፉ ብሎኑን ካጠበቃችሁት ሳጥኑ ወደ ግድግዳው ይጎተትና በሩ አይዘጋም።

ለላይኛው ካቢኔት ከፍታውን ከሚያበስለው ሰው ጋር ተነጋገሩ። ግራናይቱ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነና መሃሉ 55 ከተተወ፣ የላይኛው ካቢኔት ታች 145 ላይ ይሆናል። ግን ሌዘሩን እዚያው 145 ላይ አታድርጉት። ካቢኔቱን ስታነሡት ግድግዳው ላይ ያለውን መስመር ራሱ ይሸፍነዋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ወለል ላይ እያለ በእያንዳንዱ ሳጥን ፊት ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ለክቼ በቀጭን እርሳስ እጭራለሁ። ሌዘሩን 155 ላይ አቆመዋለሁ። ሳጥኑ ሲነሣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ያርፋል። ሁለቱም ጭረቶች ላይ ሲገጥም ሳጥኑ በቦታው ነው ማለት ነው። ሁሌም የመስመሩን ላይኛ ጠርዝ ብቻ ተከተሉ።

ይህ ከፍታ የቁመታችሁ ዓይን አካባቢ ስለሆነ፣ አብሯችሁ የሚሠራው ልጅ ወደ ሌዘሩ እንዳያይ ንገሩት። የተወለወለ ግራናይትና የሲንክ ብረት ብርሃኑን መልሶ ያንጸባርቃል።

ሥራ ሲያልቅ መጀመሪያ ፔንዱለሙን ቆልፉ፣ ከዚያ ወደ ቦርሳው አስገቡት። ካልተቆለፈ በመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ ይወዛወዛል፤ ልኩም ይበላሻል። አንዴ ከወደቀ፣ ከላይ ምንም ባይሰበር እንኳ፣ ቅድም የጻፍኩትን የሁለት ግድግዳ ፈተና ሳትደግሙ ሌላ ቤት ይዛችሁት አትግቡ።